የሁለት ዓመት ዋጋ በአንድ ሚዛን፦ የጥንድ ማነፃፀር ታሪክ

አንደኛው የአምና፣ ሁለተኛው የዘንድሮ የሆኑ ሁለት የዋጋ ዝርዝሮች ጎን ለጎን ቢቀመጡ፣ በመካከላቸው ያለውን ልዩነት ማወቅ የሚያዳግት አይመስልም። የአንዱን ድምር ከሌላው ድምር መቀነስ ብቻ የሚበቃ ይመስላል። ይሁን እንጂ በዚያው ዝርዝር ውስጥ በብዙ ሺህ ብር የሚሸጥ የብረት ቶንና በጥቂት ብር የሚሸጥ የምስማር ኪሎ አብረው ተጽፈዋል፤ ከዕቃዎቹ ከፊሉ ወጥቷል፣ ከፊሉ ወርዷል፣ ከፊሉም ካለበት አልተነቃነቀም። ታዲያ በጠቅላላው «ዋጋ ጨምሯል» ለማለት የሚያበቃው ምንድን ነው? ጨምሯል ከተባለስ፣ ጭማሪው ገበያ በየቀኑ ከሚያሳየው ውጣ ውረድ የተገኘ አጋጣሚ አለመሆኑ በምን ይታወቃል?

ይህ ጥያቄ ለመሐንዲስ የሩቅ ጉዳይ አይደለም። የሥራ ውል ከተያዘለት ጊዜ ሲያልፍ፣ ተቋራጩ የዋጋ ማካካሻ ሲጠይቅና አሠሪው ሲከለክል፣ ክርክሩ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው በሁለት ዓመት ዋጋዎች ንጽጽር ላይ ነው። መልሱን ለማግኘት ከ200 ዓመት በላይ ወስዷል። የደከሙበትም ሰዎች ሙያ እጅግ የተለያየ ነበር፤ ከመካከላቸው የቤተ ክርስቲያን ሰው፣ የወርቅ ንጽሕና መርማሪና የቢራ ጠማቂ ይገኙባቸዋል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1707 ዊልያም ፍሊትውድ የተባለ እንግሊዛዊ የቤተ ክርስቲያን ሰው «ክሮኒኮን ፕሪሲዮሱም» የሚል መጽሐፍ አሳተመ። ለመጽሐፉ መነሻ የሆነው የአንድ ተማሪ የኅሊና ጭንቀት ነበር። ተማሪው የሚኖርበት ኮሌጅ መተዳደሪያ ደንብ የተጻፈው ከ1440 እስከ 1460 ባለው ጊዜ ሲሆን፣ በዓመት ከ5 ፓውንድ የበለጠ የግል ገቢ ያለው ሰው በኮሌጁ አባልነት እንዳይቆይ ይከለክላል፤ አባላቱም ይህንኑ ለመጠበቅ ይምላሉ። ከሁለት መቶ ተኩል ዓመት በኋላ ከዚያ ጥቂት የበለጠ ገቢ ያለው ሰው መሐላውን አፍርሷል ወይስ አላፈረሰም?

ፍሊትውድ ነገሩን በሥነ ምግባር ክርክር ብቻ ሊፈታው አልሞከረም። ደንቡን የጻፉት ሰዎች ያሰቡት የብሩን ክብደት ሳይሆን በብሩ የሚገዛውን ነገር ነው ብሎ ተነሣ። ከዚያም የእህል፣ የሥጋ፣ የመጠጥና የልብስ ጨርቅ ዋጋዎችን ከአሮጌ መዛግብት እየለቀመ የጥንቱን ከዘመኑ ጋር አስተያየ። የደረሰበትም መደምደሚያ በሄንሪ 6ኛ ዘመን የነበረው 5 ፓውንድ በ1707 ከ28 ወይም ከ30 ፓውንድ ጋር እኩል ነው የሚል ነበር። ተማሪው ኅሊናው ሳይወቅሰው በኮሌጁ ሊቆይ ይችላል ማለት ነው።

በፍሊትውድ ሥራ ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ነገር አለ። የጥንቱን ስንዴ ከዘመኑ ስንዴ ጋር፣ የጥንቱን ጨርቅ ከዘመኑ ጨርቅ ጋር እንጂ፣ ስንዴን ከጨርቅ ጋር አላነፃፀረም። ስንዴና ጨርቅ በመሠረቱ የተለያየ ዋጋ ያላቸው መሆኑ ለጥያቄው ምንም አይፈይድም፤ እያንዳንዱ ዕቃ ለራሱ መለኪያ ሆኖ ይቀርባል። የጥንድ ማነፃፀር አሳብ፣ ስም ሳይወጣለት፣ በዚህ ተጀምሯል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከፍሊትውድ በኋላ ኢጣሊያዊው ጃን ሪናልዶ ካርሊ በ1764 የእህልን፣ የወይን ጠጅንና የዘይትን ዋጋ ወስዶ፣ የ1750 አካባቢውን ለ1500 አካባቢው አካፍሎ፣ የሦስቱን ውጤቶች አማካይ አወጣ። ዘዴው ቀላል ነበር፤ ጉድለቱ የታየው ግን ከመቶ ዓመት በኋላ ነው።

ይህን ጉድለት ያሳየው ስታንሊ ጄቮንስ ሲሆን፣ ወደ ጉዳዩ የገባበት በር የራሱ እንጀራ ነበር። በ1848 በካሊፎርኒያ፣ በ1851 ደግሞ በአውስትራልያ ወርቅ በብዛት ተገኘ። ጄቮንስ ገና ወጣት ሳለ ከ1854 እስከ 1859 በሲድኒ የገንዘብ መቅረጫ ቤት የወርቅ ንጽሕና መርማሪ ሆኖ ሠርቷል፤ ወደ ዓለም የሚጎርፈው ወርቅ በእጁ ያልፍ ነበር ለማለት ይቻላል። ወደ እንግሊዝ ከተመለሰ በኋላ በ1863፣ በ27 ዓመቱ፣ የወርቅ ዋጋ በብርቱ መውደቁን ለማረጋገጥ የተዘጋጀ አንድ አነስተኛ መጽሐፍ አወጣ። ወርቅ ረከሰ ማለት በወርቅ የሚገዛው ነገር ሁሉ ተወደደ ማለት ነው። እንግዲህ ጥያቄው የፍሊትውድ ጥያቄ ሆነ፤ ይኸውም የአሁኑ ዋጋ ከፊተኛው ይበልጣልን የሚል ነው።

ጄቮንስ 39 ዋና ዋና የንግድ ዕቃዎችን መረጠ። ለመነሻ አንድ ዓመት ብቻ አልወሰደም። ንግድ የሚሞቅበትና የሚቀዘቅዝበት ጊዜ እንዳለው ያውቅ ስለነበር፣ ከ1845 እስከ 1850 ያሉትን ዓመታት አማካይ መነሻ አድርጎ ከ1860 እስከ 1862 ካሉት ጋር አነፃፀረ። አንዱን የድርቅ ወይም የጥጋብ ዓመት ብቻውን መነሻ ማድረግ የፈለጉትን መልስ ለማግኘት የሚያስችል መሆኑን ዛሬም ቢሆን ሁሉም አያስተውለውም።

ቀጥሎ የአማካዩ ጉዳይ መጣ። ጄቮንስ ለምሳሌ የጠቀሳቸው ካካዎንና ቅርንፉድን ነው። ካካዎ እጥፍ ወጣ፣ ከ100 ወደ 200 ደረሰ፤ ቅርንፉድ በግማሽ ወረደ፣ ከ100 ወደ 50 መጣ። በካርሊ መንገድ ቢሄዱ የ200 እና የ50 አማካይ 125 ይሆናል፤ በጠቅላላው ዋጋ በመቶ 25 ጨመረ ያሰኛል። ነገር ግን አንዱ እጥፍ ሲሆን ሌላው ግማሽ ከሆነ፣ አንዱ የሌላውን ማካካስ ነበረበት። ሁለቱን አባዝቶ ስኩዌር ሩታቸውን ማውጣት ግን ልክ 100 ይሰጣል። ስለዚህ ጄቮንስ ጂኦሜትሪያዊውን አማካይ መረጠ፤ የሥራውም መንገድ የእያንዳንዱን ዕቃ የዋጋ ንጽጽር በሎጋሪዝም መልክ ጽፎ መደመርና ማካፈል ነው። ያገኘው ዝቅተኛ ግምት እንኳ ወርቅ ቢያንስ በመቶ 9 መርከሱን አሳየ። ቀሪውን የመጽሐፉን ክፍል ለማኅበራዊው ውጤት ሰጠው። በተወሰነ ደመወዝና በተወሰነ ወለድ የሚተዳደሩት መጎዳታቸውን፣ ባለ ዕዳዎች ደግሞ መጠቀማቸውን አስረዳ።

ሆኖም ከ39ኙ ዕቃዎች መካከል የወረዱም ነበሩ። ተቃዋሚ ተነሥቶ «የአንተ 39 ዕቃዎች አጋጣሚ የሰበሰባቸው ናቸው፤ ሌሎች 39 ብትመርጥ ሌላ መልስ ታገኛለህ» ቢለው ምን ሊመልስ ይችላል? ለዚህ ዓይነቱ ጥያቄ የመጀመሪያው መልስ የተገኘው በዋጋ ሳይሆን በክርስትና መዝገብ ላይ ነበር። ሐኪሙ ጆን አርበትኖት በ1710 ባቀረበው ጽሑፍ በለንደን ለ82 ተከታታይ ዓመታት ክርስትና የተነሡትን ወንዶችና ሴቶች ቁጥር በየዓመቱ አጣምሮ ተመለከተ። በ82ቱም ዓመታት ወንዶች በልጠው ተገኙ። ነገሩ የአጋጣሚ ቢሆን ኖሮ በየዓመቱ ወንድ ወይም ሴት የመብለጡ ዕድል እኩል ይሆን ነበር፤ 82 ጊዜ በተከታታይ አንድ ወገን የመውጣቱም ዕድል ግማሽን በግማሽ 82 ጊዜ እንደማባዛት ነው። የዚህን ትንሽነት በቃል መግለጽ ያዳግታል። አርበትኖት ከዚህ ተነሥቶ ወደ መለኮታዊ ጥበቃ ተሸጋገረ፤ የስሌቱ ሥርዓት ግን ከመደምደሚያው ተለይቶ ኖሯል። «ልዩነት የለም» ብሎ መነሣት፣ ያ እውነት ቢሆን የታየው ነገር የመታየት ዕድሉ ምን ያህል እንደሆነ ማስላት፣ ዕድሉ እጅግ አነስተኛ ከሆነ መነሻውን አሳብ መተው። ዛሬ የመላ ምት ፈተና የሚባለው ሁሉ የዚህ ዝርያ ነው።

በዋጋም ላይ የአርበትኖትን መንገድ እንዳለ መጠቀም ይቻላል። ከ39 ዕቃዎች ስንቱ ወጣ፣ ስንቱ ወረደ ብሎ መቁጠር ብቻ ነው። ነገር ግን መቁጠር በሳንቲም የጨመረውንና እጥፍ የሆነውን እኩል ያያል። ጄቮንስ ራሱ በ1869 ወደ ጉዳዩ ሲመለስ ለአማካዩ የስሕተት ወሰን አሰላለት። ኤጅዎርዝ ደግሞ በ1885 የሁለት አማካዮች ልዩነት ከአጋጣሚ የሚለይበትን ሕግ ጽፎ፣ ከ1887 እስከ 1889 የብሪታንያ የሳይንስ ማኅበር የገንዘብን ዋጋ መለዋወጥ ለመለካት ባቋቋመው ኮሚቴ በጸሐፊነት ሠራ። ለኤጅዎርዝ እያንዳንዱ የዋጋ ንጽጽር ልክ አንድ ኮከብ በመነጽር ሲታይ እንደሚመዘገብ ንባብ ነበር፤ ንባቦቹ ይበታተናሉ፣ ከመካከላቸው ያለው እውነተኛ ለውጥ ግን አንድ ነው። ይህ አሳብ ኋላ ብርቱ ተቃውሞ ገጥሞታል።

የኤጅዎርዝ ሕግ የሚሠራው ንባቦቹ ብዙ ሲሆኑ ነው። ጥቂት ሲሆኑስ? ይህን የፈታው ዊልያም ሲሊ ጎሴት ነው። ጎሴት በ1876 በካንተርበሪ ተወለደ፤ በኦክስፎርድ ሒሳብና ኬሚስትሪ ተምሮ በ1899 በደብሊን በጊነስ ቢራ ጠመቃ ሥራ ያዘ። በብቅል ቤትና በገብስ እርሻ ላይ የሚደረግ ሙከራ ውድ ነው፤ ሺህ ጊዜ አይደገምም። አራት፣ ስድስት ወይም ዐሥራ አንድ ውጤት ይዞ መፍረድ ግድ ይሆናል። ጎሴት ከ1906 እስከ 1907 በለንደን በካርል ፒርሰን ዘንድ ተቀምጦ ይህንኑ ከመረመረ በኋላ በ1908 «የአማካይ ስሕተት» የተባለውን ጽሑፉን አሳተመ። ድርጅቱ ሠራተኞቹ በስማቸው እንዲጽፉ ስለማይፈቅድ «ተማሪ» በሚል የብዕር ስም ወጣ፤ ዛሬም ፈተናው የ«ስቱደንት» የቲ ፈተና ይባላል።

በዚያ ጽሑፍ ውስጥ ጎሴት ካቀረባቸው ምሳሌዎች አንዱ ስለ ገብስ ዘር ነው፤ ነገሩ ወደ ዋጋም ስለሚደርስ በሰፊው መመልከት ይገባል። ጥያቄው የገብስ ዘር ከመዘራቱ በፊት በምድጃ ሙቀት ቢደርቅ ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም የሚል ነበር። በ1899 ሰባት፣ በ1900 አራት የገብስ ዓይነቶች ተዘሩ፤ እያንዳንዱ ዓይነት አንድ ጊዜ በደረቀ ዘር፣ አንድ ጊዜ ባልደረቀ ዘር። በድምሩ 11 ጥንድ ማለት ነው። የተመዘገበውም ከአንድ ኤከር የተገኘው እህል፣ የገለባው መጠን፣ የእህሉ የገበያ ዋጋ በሺሊንግ እና ከአንድ ኤከር የተገኘው የምርት ጠቅላላ ዋጋ ነበር።

ሁለቱ ዓመታት እጅግ የተለያዩ ነበሩ። ካልደረቀው ዘር በ1899 ከተገኙት ምርቶች ትንሹ 1,903 ፓውንድ ሲሆን፣ በ1900 ከተገኙት ትልቁ 1,612 ፓውንድ ብቻ ነበር። አሁን አንድ ሰው 11ዱን የደረቀ ዘር ምርት በአንድ ወገን፣ 11ዱን ያልደረቀ በሌላ ወገን ከምሮ አማካዮቹን ቢያስተያይ፣ 1,875 እና 1,841 ፓውንድ ያገኛል። ልዩነቱ 34 ፓውንድ ያህል ነው። በእያንዳንዱ ክምር ውስጥ ግን ምርቶቹ ከአማካያቸው የሚርቁበት መደበኛ ልይይት ወደ 340 ፓውንድ ይጠጋል፤ በዚህ ሁሉ መበታተን ውስጥ 34 ፓውንድ ጠፍቶ ይቀራል። ጥንዱን ጠብቆ እያንዳንዱን ዓይነት ከራሱ ጋር ሲቀንሱት ግን፣ የዓመቱ ደግነትና ክፋት፣ የገብሱ ዓይነት ብርታትና ድካም ሁለቱንም ወገን እኩል ስለነካ ተጣጥቶ ይወጣል። የልዩነቶቹ መደበኛ ልይይት ወደ 66 ፓውንድ ይወርዳል። ይህን ለ11 ስኩዌር ሩት አካፍሎ፣ አማካይ ልዩነቱን በተገኘው ቁጥር ማካፈል ነው። የሚገኘው 1.7 ገደማ ነው፤ ክምሮቹን ብቻ ቢያስተያዩ ግን አንድ አራተኛ እንኳ አይሞላም ነበር።

እርግጥ 1.7 ነገሩን አልቋጨውም። ለ11 ጥንድ በዛሬው የመቶ 5 ልማድ የሚፈለገው 2.23 ነው። ከዚህም ሌላ የደረቀው ዘር በአማካይ ብዙ እህል ቢሰጥም፣ ጥራቱ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ያነሰ ነበር፤ ያም በገበያ ዋጋው ላይ ታየ። በብዛት የተገኘውን ዋጋ ስለወሰደው ዘርን ማድረቅ የተለየ ጥቅም አለው ለማለት አልተቻለም። በዚያው ጽሑፍ በቀረበው ሌላ ምሳሌ ደግሞ ጥንዱ ፍርዱን ጨርሶ ለወጠው። ሁለት የእንቅልፍ መድኃኒቶች ለ10 በሽተኞች በየተራ ተሰጡ፤ አንደኛው በአማካይ 1.58 ሰዓት የበለጠ እንቅልፍ ሰጠ። ጎሴት ብልጫው የአጋጣሚ ያለመሆኑን ዕድል 666 ለ1 አድርጎ ገመተው። ያው ቁጥር ጥንዱ ፈርሶ እንደ ሁለት የማይተዋወቁ ቡድኖች ቢታይ ግን ማረጋገጫው ከመቶ 5 መስፈርት በታች ይቀራል።

ጥንድ ሲፈርስ ምን እንደሚሆን የሚያሳይ ሌላ ታሪክ አለ። ቻርልስ ዳርዊን በ1876 ባሳተመው መጽሐፍ በራሱ የተዳቀለና ከሌላ ተክል ጋር የተዳቀለ በቆሎ በአንድ ማሰሮ እያጣመረ ተክሎ የ15 ጥንድ ቁመት መዝግቦ ነበር። ቁጥሩን ለዘመዱ ለፍራንሲስ ጋልተን ቢያሳየው፣ ጋልተን ሁለቱን ረድፎች እንደ ቁመታቸው ቅደም ተከተል አደራጃቸው፤ ረጅሙ ከረጅሙ፣ አጭሩ ከአጭሩ ጋር ገጠመ። ሠንጠረዡ አማረ። ሆኖም በአንድ ማሰሮ አብረው ያደጉት ተለያዩ፤ የዳርዊን ድካም ሁሉ የተሸከመው ያንን ጥንድነት ነበር። ሮናልድ ፊሸር በ1935 ይህንኑ ነቅፎ፣ ጥንዶቹን እንደነበሩ መልሶ አሰላቸው። አማካይ ልዩነቱ 2.6 ኢንች፣ የቲ ዋጋው 2.148 ሆነ፤ የሠንጠረዡ ወሰን 2.145 ነው። ለጥቂት አለፈ ማለት ነው። ፊሸር በዚህ ሳይወሰን የ15ቱን ልዩነቶች ምልክት ሊገለባበጥ በሚችልበት መንገድ ሁሉ ገለባበጠ፤ ከ32,768 መንገዶች 1,726ቱ ያንን የሚያህል ወይም የሚበልጥ ድምር ሰጡ። ይህም ከመቶ 5.3 ያህል ነው።

ይህ ሁሉ ወደ ሁለት ዓመት ዋጋ ሲመለስ ሥራው አጭር ነው። ለእያንዳንዱ ዕቃ የዘንድሮውን ዋጋ ለአምናው አካፍሎ ሎጋሪዝሙን መውሰድ፤ የሎጋሪዝሞቹን አማካይ ማውጣት፤ መደበኛ ልይይታቸውን ለዕቃዎቹ ብዛት ስኩዌር ሩት ማካፈል፤ አማካዩን በዚህ ማካፈል። ሎጋሪዝም የሚያስፈልገው በጄቮንስ ምክንያት ብቻ አይደለም። በብር ልዩነት ከተሠራ የአንድ ቶን ብረት ጭማሪ የ20 ሌሎች ዕቃዎችን ድምፅ ይውጠዋል። አንዳንድ ዕቃ ከሌሎቹ ሁሉ ተለይቶ ሲሰቀል ደግሞ፣ በ1945 ኬሚስቱ ፍራንክ ዊልኮክሰን ያቀረበው ዘዴ ልዩነቶቹን በማዕረጋቸው ብቻ ስለሚደምር አንዱ ባለጌ ቁጥር ፍርዱን እንዳያዛባ ይረዳል።

ግን ፈተናው የሚመልሰው የተወሰነ ጥያቄ ብቻ ነው። ለፈተናው ጨውና ጤፍ አንድ አንድ ድምፅ አላቸው፤ ለቤተሰብ ኪስ ግን አይተካከሉም። ላስፔይሬስ በ1871 የመነሻውን ዘመን ፍጆታ፣ ፓሼ በ1874 የኋለኛውን ዘመን ፍጆታ ክብደት አድርገው የዋጋ መለኪያ ያበጁት ለዚህ ነበር። ስንት ጨመረ የሚለውን የሚመልሰው መለኪያው ሲሆን፣ ፈተናው ይህ አጋጣሚ ሊሆን ይችላልን የሚለውን ብቻ ይመልሳል።

ከሁሉ የከበደውን ተቃውሞ ያቀረበው ኬይንስ በ1930 ስለ ገንዘብ በጻፈው መጽሐፍ ነው። የኤጅዎርዝ ንባቦች እርስ በርሳቸው አይተዋወቁም፤ ዋጋዎች ግን ይተዋወቃሉ፤ አንዱ ሲንቀሳቀስ ሌላውን ይገፋል። የነዳጅ ዋጋ ቢወጣ የማጓጓዣው ይወጣል፤ አሸዋው፣ ድንጋዩ፣ ሲሚንቶውና ጡቡ ይከተላሉ። አንድ ሰው የነገራቸውን ወሬ 50 ሰዎች ቢደጋግሙት 50 ምስክር እንደማይሆኑ፣ 50 ዋጋዎችም 50 ነፃ ማስረጃ አይሆኑም። ፈተናው ይህን ሳያውቅ በ50 ስኩዌር ሩት ያካፍላል፤ የስሕተቱ ወሰን ከሚገባው በላይ ይጠባል፤ ድፍረቱም ከዕውቀቱ ይበልጣል። ይህን ጉድለት ሙሉ በሙሉ የሚሽር ቀመር የለም። ዕቃዎቹን በሚያንቀሳቅሳቸው ምክንያት በክፍል በክፍል ለይቶ፣ እያንዳንዱን ክፍል እንደ አንድ ምስክር መቁጠር ይሻላል፤ በዚያ ጊዜ ፈተናው ይደክማል፤ ነገር ግን ሐሰት አይናገርም።

የጥንዱም ታማኝነት እንደሚመስለው በቀላሉ አይገኝም። በጥር፣ አዝመራው እንደገባ የተገዛ ጤፍ ከቀጣዩ ዓመት የነሐሴ ጤፍ ጋር ቢጣመር የታየው ዓመቱ ሳይሆን ወራቱ ነው። ወሩን ከወሩ ጋር ማጣመርም ሁልጊዜ አይበቃም። በኢትዮጵያ ፋሲካ ከመጋቢት 26 አይወርድም፣ ከሚያዝያ 30 አይወጣም። ሚያዝያ አጋማሽ በአንዱ ዓመት ጾም፣ በሌላው ዓመት ፍስክ ሊሆን ይችላል። የቅቤ፣ የዕንቁላልና የበግ ዋጋ በተመሳሳይ ቀን ከሁለት ዓመት ቢወሰድ፣ በመካከሉ ያለው ልዩነት የኑሮ ውድነት ይሁን የሑዳዴ፣ ቁጥሩ ብቻውን አይናገርም። ጄቮንስ የብዙ ዓመታት አማካይ የወሰደበት ጥንቃቄ እዚህም ያገለግላል፤ ከፋሲካ በፊትና በኋላ ያሉትን ሳምንታት በዓሉን መነሻ አድርጎ ማጣመርም ሌላ መንገድ ነው።

ዕቃው ራሱ ሲለወጥስ? ዳቦው በዚያው ዋጋ እየተሸጠ ክብደቱ ሲቀንስ፣ ጥንዱ በስም ብቻ ጥንድ ነው። ከገበያ የጠፋው ዕቃ ደግሞ ጥንድ የለውም፤ ከስሌቱ ይወጣል፤ በቦታው የመጣው አዲስ ዕቃ መነሻ ዋጋ የለውም። አንድሩ ኮርት በ1939፣ ዝቪ ግሪሊክስ በ1961 የአውቶሞቢልን ዋጋ በክብደቱ፣ በርዝመቱና በፈረስ ጉልበቱ ከፋፍለው፣ መኪናውን ከመኪና ጋር ሳይሆን ባሕርዩን ከባሕርዩ ጋር ለማጣመር ሞከሩ። በ1996 በአሜሪካ በማይክል ቦስኪን የተመራው ኮሚሽን የአገሩ የሸማቾች ዋጋ መለኪያ የኑሮን ውድነት በየዓመቱ በመቶ 1.1 ያህል አብልጦ ያሳያል ሲል፣ ከምክንያቶቹ ዋነኛው የጥራት ለውጥና አዲስ ዕቃ በአግባቡ አለመጣመራቸው ነበር። ጡረታና ግብር ከዚያ መለኪያ ጋር የታሰሩ ስለነበሩ ክርክሩ በባለሙያዎች ክፍል ብቻ አልቀረም።

በግንባታ ውል ዘንድ ጥንዱ በሕግ ቋንቋ ተጽፎ ይገኛል። ፊዲክ በ1999 ባሳተመው ቀይ መጽሐፍ አንቀጽ 13.8 የዋጋ ማስተካከያው የማይለወጥ አንድ ክፍል አለው፤ ቀሪው ለሠራተኛ፣ ለመሣሪያና ለዕቃ ተከፋፍሎ፣ እያንዳንዱ ክፍል በክፍያው ወቅት ያለውን መለኪያ ለመነሻው ቀን መለኪያ በማካፈል ይባዛል። የመነሻው ቀን ጨረታው ከሚቀርብበት የመጨረሻ ቀን 28 ቀን በፊት ያለው ነው፤ የክፍያው መለኪያ የሚወሰደው ደግሞ የክፍያው ጊዜ ከሚያልቅበት 49 ቀን አስቀድሞ ካለው ነው። ይህ የፍሊትውድ ስሌት ነው፤ ክብደቱን ከላስፔይሬስ ተውሷል። የጎሴት ፈተና በዚህ ቀመር ቦታ የለውም፤ ትንሹም ልዩነት፣ አጋጣሚ ይሁን አይሁን፣ ይከፈላል ወይም ይቀነሳል። ስለዚህ ክርክሩ ሁሉ በጥንዱ ላይ ይወድቃል። ለመነሻውም ለክፍያውም መለኪያው ከአንድ ምንጭ፣ ለአንድ ዓይነት ዕቃ፣ ከአንድ ቦታ ሊወሰድ ይገባል። የመነሻው የብረት ዋጋ ከጅቡቲ ወደብ፣ የክፍያው ከመርካቶ መደብር የተወሰደ እንደሆነ፣ ብረቱ አንድ ቢሆንም ጥንዱ ፈርሷል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከጊዜው ሌላ የመንገዱን፣ የቀረጡንና የነጋዴውን ትርፍ ይዟል፤ የትኛው ምን ያህል እንደሆነም ከሠንጠረዡ ለይቶ ማውጣት አይቻልም።